የሳይንስ ጽሑፍ ማንበቢያ ብራውዘር ታሪክ፤ ከዳንግላና ከእንጅባራ አንባቢ አንጻር

የእንግሊዝ ቆንስል ሻለቃ ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ መቀመጫውን ዳንግላ ላይ አድርጎ፥ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ እየዞረ ይለካና ካርታ ያነሣ ነበር። የድካሙ ፍሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1936 በለንደን በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ። ዕውቀቱ ከዳንግላ ተነሥቶ ሲሄድ ወደ ዳንግላ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ስለ ፋግታ ለኮማ የአካሽያ ደከረንስ ተክልና ስለ ከሰሉ፥ ወይም ስለ ዘንገና ሐይቅ የሚጻፈው ጥናት ብዙው በውጭ አገር መጽሔቶች ስለሚወጣ፥ የእንጅባራ ተማሪ ስለ ገዛ አገሩ የተጻፈውን ለማንበብ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ መክፈት ግድ ይሆንበታል። የሚያነብበትም መስኮት ብራውዘር፥ በአማርኛ አጠራር ማሰሻ፥ የተባለው ነው። የትኛውን እንምረጥ፥ እንዴትስ እናሰናዳው የሚለው ጥያቄ ተራ የፍላጎት ጉዳይ ይመስላል። ታሪኩን ስንመረምረው ግን አንባቢው በወደደው ሳይሆን፥ በየዘመኑ በገጠመው እንቅፋት የተወሰነ ሆኖ እናገኘዋለን።

ድረ ገጽ ራሱ የተወለደው ለሳይንስ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን ብራውዘር ሲሠራ ዓላማው ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። የሚያስገርመው፥ የፊዚክስ ሰዎች መሣሪያ የሒሳብ ቀመር ማሳየት ሳይችል መወለዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበው የኤችቲኤምኤል 3 ረቂቅ ቀመርን አካቶ ነበር፤ ቀጥሎ በጸደቀው እትም ግን ይህ ክፍል ተተወ። ስለዚህ ጸሐፊዎች ቀመራቸውን እንደ ሥዕል እየለጠፉ ቆዩ። ማትኤምኤል የተባለው የቀመር አጻጻፍ ሥርዓት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

አገራችን በ1989 ዓ.ም. ከኢንተርኔት ጋራ ስትገናኝ ግን የእኛ አንባቢ የመጀመሪያ እንቅፋት ፊደል እንጂ ቀመር አልነበረም። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የግእዝ ጽሕፈት ፕሮግራም የራሱ ፎንት ስለ ነበረው፥ በአንዱ የተጻፈው ገጽ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3ኛ እትም ገባ። አማርኛ የማይጠቀምበት፥ አገውኛን ለሚጽፍ ሰው ግን የሚያስፈልገው ጘም አብሮ ገብቷል። ሆኖም የፊደሉ በመዝገብ መግባትና በመስኮት መታየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ለግእዝ ፎንት ስላልነበረው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ያሳይ ነበር፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከቪስታ ጋራ ነው።

በስልክ ደግሞ ኦፔራ ሚኒ ተወዳጅ ሆነ። ምክንያቱም ገጹን በሩቅ ባለ የኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ አጭቆ ስለሚልከው የሚበላው የካርድ ሒሳብ ጥቂት ነው። ፎንት በሌለው ስልክ አማርኛ ለማንበብም ዘዴ ተገኘለት፤ በአድራሻው ቦታ «ኦፔራ ኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፎ፥ ለውስብስብ ፊደሎች የሥዕል ፎንት እንዲጠቀም የሚያዘውን መስመር «አዎን» ማለት ነበር። ይህን ዘዴ ሰው ለሰው እያሳየ ተማረው። አንድም መጽሐፍ ሳይጻፍለት እንዲህ የተስፋፋ የቴክኒክ ትምህርት ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ለዜና የሚበጀው መስኮት ለሳይንስ አይበጅም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ብዙ ድረ ገጾች ቀመርን የሚያሳዩት ማትጃክስ በተባለ፥ ከገጹ ጋራ አብሮ በሚወርድ ፕሮግራም ነው። ኦፔራ ሚኒ ግን እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በስልኩ ላይ እንደሚገባ አያሠራም፤ መስመሩ ሲደክምም ፕሮግራሙ ሳይደርስ ይቀራል። የዚህ ጉዳት በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። በማትኤምኤል የተጻፈ «ዐሥር፥ ከበላዩ ስድስት»፥ ማለት አንድ ሚሊዮን፥ ቀመር በማያውቅ ብራውዘር ሲከፈት ስድስቱ ወደ ታች ይወርድና 106 ተብሎ ይነበባል። ባዶ አራት ማዕዘን ያየ አንባቢ አለማየቱን ያውቃል፤ 106 ያነበበው ግን በትክክል ያነበበ ይመስለዋል፥ ወደ መመረቂያ ጽሑፉም ይገለብጠዋል። ከሁሉ የከፋው እንቅፋት ይህ ነው እላለሁ።

ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ ጀምሮ ማትኤምኤልን ያነብባል። ክሮም ግን እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በ24ኛው እትሙ አስገብቶት ወዲያው በ25ኛው አወጣው፤ የመለሰውም ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በ109ኛው እትም ነው። እንግዲህ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፥ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ብራውዘር ያለ ማትጃክስ እርዳታ ቀመር የማያነብብ ነበር።

ከዚያም የመስመሩ ነገር መጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የፋየርፎክስና የክሮም ክርክር ከንቱ ነው። የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ ነው፤ ዊኪፔዲያን ከነቀመሩ በአንድ ፋይል ይዞ፥ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ያለ መስመር ይነበባልና። አዲስ የወጣ የምርምር ጽሑፍ ግን በኪዊክስ አይገኝም። ስለዚህ መስመር ሲገኝ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይገባል፤ ፒዲኤፍ ቀመሩንም ፎንቱንም በውስጡ ይዞ ይጓዛልና።

ስለ አሰናዳዱ ጥቂት እንጨምር። በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለት ብራውዘር መያዝ ነውር የለውም፤ ኦፔራ ሚኒ ለዜና፥ ፋየርፎክስ ወይም አዲስ ክሮም ለጥናት። ለግእዝ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወይም ኖቶ፥ ለቀመር ስቲክስ የተባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። ከጫኑ በኋላ ጘንና ከላይ ያልነውን «ዐሥር፥ ከበላዩ ስድስት» በያዘ ገጽ መፈተን ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ቀመርን የመለሰው የክሮም 109ኛ እትም ለዊንዶውስ 7 የተሠራው የመጨረሻው ክሮም ሲሆን፥ የፋየርፎክስ የመጨረሻው ደግሞ 115ኛው ነው።