የቦርዱ ካርታ፦ ከአምፖል ሬዲዮ እስከ ሞባይል

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ የገባ ሰው፣ ከሱቅና ከምግብ ቤቱ መሐል በጠባብ የመስታወት ሣጥን ጀርባ አቀርቅሮ የሞተ ሞባይል የሚፈታ ወጣት ያያል። ሙያው የትናንት ይመስላል፤ የዘር ሐረጉ ግን ረጅም ነው። በአንድ ወገን ከአምፖል ሬዲዮ ይወለዳል፤ በሌላ ወገን አሜሪካና ጃፓን ውስጥ ሳንቲም እየበሉ ያጫውቱ ከነበሩት የጨዋታ ሣጥኖች ጠጋኞች ጋር ይዛመዳል። ይህን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው አንድ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የቦርዱ ካርታ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳየው ንድፍ፣ በማን እጅ ነው?

መነሻው ሬዲዮ ነው። በአገራችን ሥርጭቱ ከአቃቂ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። የዚያ ዘመን መቀበያ በአምፖል የሚሠራ የእንጨት ሣጥን ነው። ክዳኑ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሽቦው ንድፍ በወረቀት ታትሞ ከውስጥ ተለጥፎ ይገኛል፤ ሠሪው ዕቃው አንድ ቀን እንደሚበላሽና ሌላ ሰው እንደሚከፍተው ዐውቆ ካርታውን አብሮ ይሸጥ ነበር። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ሣጥኑን አሳነሰው፤ ከመብራት መሥመርም አላቀቀው። የብስራተ ወንጌል ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር፣ መብራት ያልደረሰበት የገጠር ቤትም የባትሪ ድንጋይ ጎርሶ በሚናገር ትንሽ ሬዲዮ የዓለምን ወሬ መስማት የሚችልበት ዘመን መጥቶ ነበር። ዲላ በምትገኝበት በጌዴኦ ደግሞ ዕቃ የሚገዛው ቡና ሲሸጥ ነው፤ የጠጋኙም ገበያ የቡናን ወቅት ይከተላል።

የሬዲዮ ድንጋይ ጥቅሙን ያህል መዘዝ አለው። አልቆ ሳይወጣ ከከረመ ይተፋል። የተፋው ፈሳሽ ቦርዱ ላይ ሲደርስ መዳቡን አረንጓዴ እያደረገ፣ ቀጭኗን መሥመር እንደ ነቀዝ ይበላታል። ጠጋኙ ዝገቱን በጥንቃቄ ይፍቃል፤ ትፋቱ የአልካላይን ከሆነ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ያረክሰዋል። ከዚያ የተበላውን መሥመር በቀጭን ሽቦ ድልድይ ያገናኘዋል። ይህችን ሥራ ልብ ይሏል፤ ከባሕር ማዶም እናገኛታለን።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው እዚያው ነው። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ፖንግ የተባለውን ጨዋታ ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ የሠራው መሐንዲስ አል አልኮርን ተጠራ። እሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ሞልቶ መግቢያውን ዘግቶት ነበር። ሁሉም ብልሽት ግን እንዲህ በጥጋብ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስ፣ በ1980 ፓክማን የተባሉት ጨዋታዎች ሲከተሉ፣ ብዙ አይሲ (ጥቅል ሰርኪት) የተደረደረባቸው ሰፋፊ ቦርዶች በየአዳራሹ ተበተኑ። ጠጋኙ የጋለውን አይሲ በጣቱ እየዳሰሰ ይለያል፤ በጠረጠረው ላይ ደህናውን አዝሎ ይሞክራል። የብዙዎቹ ማሽኖች ካርታም ከመመሪያው ጋር ይመጣ ነበር። በኋላ ዘመን እነዚህ ቦርዶች ሲያረጁ ከገደሏቸው ነገሮች አንዱ የማስታወሻ ባትሪው ትፋት ነው፤ መድኃኒቱም ያው ኮምጣጤና የሽቦ ድልድይ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጨዋታው ሣጥን በብዛት አልገባም። የጨዋታ ቤቱን ቦታ ከረምቡላና ጆተኒ ይዘውት ነበር። ድልድዩ የተሠራው በቴሌቪዥን ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከተጀመረ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከቴሌቪዥን የሚያያዘው ጌም፣ ቀጥሎም ፕሌይስቴሽን እስከ ትንንሽ ከተሞች ዘለቀ። ልጆች በጨዋታ ሒሳብ እየከፈሉ ኳስ የሚጋጠሙበት ቤት የአሜሪካው አዳራሽ ታናሽ ወንድም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። እዚያ ጠጋኝ ሥራ አይፈታም፦ ጆይስቲኩ ይላላል፣ የዲስኩ ሌንስ ማንበብ ያቅተዋል፣ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ የነበረውም እጅ ወደዚህ ለመሻገር ብዙ አልተቸገረም።

በዚሁ ዘመን ግን ባሕር ማዶ ካርታው መሰወር ጀመረ፤ የታሪኩን ትልቁን መታጠፊያ የማየው እዚህ ላይ ነው። የጃፓኑ ጨዋታ ሠሪ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ሲፒኤስ 2 ቦርድ ላይ የጨዋታውን ምስጢራዊ ቁልፍ በባትሪ በሚኖር ማስታወሻ ውስጥ አስቀመጠው። ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፤ ምንም ያልተቃጠለ፣ ምንም ያልተሰበረ ቦርድ በድን ሆኖ ይቀራል። ጠጋኞችና ፕሮግራመሮች ምስጢሩን ለመፍታት ዓመታት ፈጀባቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ማሜ የተባለው ሥራም የድሮ ጨዋታዎችን ፕሮግራም እየቀዳ በማስቀመጡ፣ ትዝታው የጠፋበት አይሲ እንደገና የሚጻፍበት መንገድ ተገኘ። ካርታውን ሠሪው ሲደብቀው ጠጋኞች ተባብረው ሣሉት።

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ የገባውም ካርታው በተደበቀበት ዘመን ነው። ቦርዱ የጣት ስፋት አለው፤ መሥመሮቹ በብዙ ድርብ ተቀብረዋል፤ ለአገልግሎቱ የሚሆን ንድፍ ከስልኩ ጋር አይሸጥም። ያም ሆኖ የድሮው ብልሃት አልሞተም። ሾርት ያደረገ ቦርድ ሲመጣ የጥድ ሙጫ በጋለ ካውያ ይጨስበታል፤ ጭሱ እንደ ጉም ነጭ ሆኖ ክፍሎቹ ላይ ያርፋል። በዝቅተኛ ቮልት ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ከመቶዎቹ አንዲት ክፍል ብቻ ትግልና ነጩ ይቀልጣል፣ ሰውነቷ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በሽተኛዋ እሷ ናት። የአታሪው ጠጋኝ በጣቱ የፈለገውን፣ የዛሬው ጣቱ በማይገባበት ቦታ በሙጫ ይፈልገዋል።

ወደ ዲላ ስንመለስ፣ በ1988 ዓ.ም. የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ምህንድስና ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ጽንሰ ሐሳቡን፣ የመንገድ ዳሩ ሣጥን እጁን ይዟል፤ ሁለቱ አብዝተው ቢገናኙ ምኞቴ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጠጋኞቹን ዕውቀት ግን ራሳቸው ካልጻፉት ማንም አይጽፍላቸውም። መጻፊያውም መንገድ አላቸው፦ ደህናው ቦርድ ከሞተው ጎን ይቀመጣል፤ የቴስተሩ ጫፍ ከነጥብ ነጥብ እየነካ ይሄዳል፤ በደህናው ላይ የተገኘው ቁጥር በተማሪ ደብተር ላይ፣ ከተሣለ ትንሽ አራት ማዕዘን አጠገብ፣ በእስክሪብቶ ይሰፍራል። ነገ ያው ዓይነት ስልክ ሲመጣ ደብተሩ ይገለጣል።