ንጽሕና፣ አፈርና የሕፃናት ጤና

«ልጄ በአፈር ሲጫወት ልከልክለው ወይስ ልተወው?» የሚለውን የእናቶች ጥያቄ ያልሰማ የሙያ ባልደረባ አይገኝም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የዘለቀ የሕክምና ታሪክ ከበስተኋላው አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ኢግናዝ ሰመልቫይስ፣ ሐኪሞች ከአስከሬን ምርመራ ወደ አራሶች ክፍል ሲሻገሩ እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉን ይገድል የነበረው የወሊድ ትኩሳት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ቆየት ብሎ ፓስተርና ኮኽ የረቂቅ ተሐዋስያንን ጠንቅነት በማስረጃ አጸኑ። ንጹሕ ውሃ፣ የፍሳሽ መውረጃና ክትባት ተከትለው በመምጣታቸው እጅግ ብዙ ሕፃናት ከሞት ተረፉ። ይሁን እንጂ ከዚሁ ድል ጋር ተሐዋስያን ሁሉ ጠላት ናቸው የሚል እምነት አብሮ ሥር ሰደደ።

ይህን እምነት ያናወጠው የ1989ኙ የዴቪድ ስትራካን ጽሑፍ ነው። ተመራማሪው በብሪታንያ በመጋቢት 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ከ17 ሺህ በላይ ልጆችን መረጃ መርምሮ፣ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ ምክንያት በሚነሣው የአፍንጫ መቆጣት የሚጠቁት በጥቂቱ መሆኑን አስተዋለ። ምክንያቱም በልጅነት ከታላላቆች የሚተላለፍ ልክፍት ሊሆን ይችላል ሲል ገመተ። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላም ኤሪካ ፎን ሙቲዩስና ባልደረቦቿ ምሥራቁን ከምዕራቡ ሲያነጻጽሩ፣ አየራቸው በጢስ በተበከለው በላይፕዚግና በሃለ አለርጂ ከሙኒክ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተጠበቀው ተቃራኒው ነበር።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በ1997 የታተመው የጅማ ጥናት አስም በከተማው ነዋሪ ዘንድ ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ብዙ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች በሲርሲርታ የሚጠቁት በጥቂቱ መሆኑን አመለከተ። ይሁንና ትሉ ደም የሚመጥና ሕፃናትን ለደም ማነስ የሚዳርግ ነው፤ በ2010 በብሪታንያ አስም ያለባቸውን ፈቃደኞች በትሉ በማስያዝ የተደረገው ሙከራም ጉልህ ጥቅም አላስገኘም።

ግርሃም ሩክ በ2003 ያቀረበው ሐሳብ ነገሩን ያብራራዋል። የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያሠለጥኑት የሚገድሉት ደዌዎች ሳይሆኑ፣ ከሰው ልጅ ጋር ከጥንት አብረው የኖሩት የአፈር፣ የእንስሳትና የአንጀት ተሐዋስያን ናቸው። ኩፍኝና ተቅማጥ ከእነዚህ ወዳጆች አይቆጠሩም።

እንግዲህ ለእናቲቱ የምንሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው። ልጅዋ በሣሩ ላይ ይንከባለል፣ ከጥጃው ጋር ይጫወት፣ ከእኩዮቹ ጋር ይዋል። ነገር ግን ከመጸዳጃ መልስና ከምግብ በፊት እጁ በሳሙና ይታጠብ፣ ውሃው ንጹሕ ይሁን፣ ክትባቱም አይታለፍ። ተቅማጥ ዛሬም ሕፃናትን በሚቀጥፍበት አገር የመልሱን አንዱን ወገን ብቻ ይዞ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ፣ ሰመልቫይስ ያተረፈውን መልሶ የሚያከስር ይሆናል።