ንቡረ እድ ዘአክሱም፤ የሹመቱ ታሪክና የአገልግሎቱ ወሰን

በማናቸውም አገር የሚኖር ሕዝብ የመቅደሱን አገልግሎት የሚመራለት አንድ አለቃ ሳያቆም አይኖርም። አለቃውም በተሾመ ቀን ሁለት ነገሮች በደጁ ይጠብቁታል፤ አንደኛው ወደ ቅዱሱ ነገር የመቅረብ ክብር ነው፤ ሁለተኛው ለመቅደሱ የተሰጠውን መሬትና ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ይግቡን ወይስ ይለያዩ የሚለው ጥያቄ ብዙ ደብር አውኳል፤ ብዙ ሊቅም ከወንበሩ አስነሥቷል። አክሱም ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ከሁሉ ይልቅ ጥንታዊ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የምንጽፈው ስለ አለቃዋ ስለ ንቡረ እድ ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ነበረ በግእዝ ተቀመጠ ማለት ነው፤ አንበረ ደግሞ አኖረ፥ አስቀመጠ ይሆናል፤ አንብሮተ እድ የምንለውም ከዚሁ ይወጣል። ስለዚህ ንቡረ እድ ማለት እጅ የተቀመጠበት፥ እጅ የተጫነበት ማለት ነው እንጂ፥ ቅኔ ቤት በቅርቡ የገባ ተማሪ እንደሚመስለው እጁን ያኖረ ማለት አይደለም። ተሿሚው ሥልጣኑ ከሌላ እጅ የመጣ መሆኑን ስሙ በተጠራ ቍጥር ይሰማል። ይህን ስም ያወጡ አባቶች የሰውን ጠባይ አጥብቀው ያወቁ ይመስለኛል።

ሹመቱ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ትውፊት የሚናገረው ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ይወስደናል፤ ክብረ ነገሥት ከምኒልክ ጋራ ከኢየሩሳሌም የመጣው የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ የካህናቱ አለቃ እንደ ነበረ ይተርካልና። መጽሐፉን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው ይስሐቅ የሚባል ሊቅ ነው። ይስሐቅ በ14ኛው መቶ ዘመን፥ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ጊዜ፥ ከባልንጀሮቹ ጋራ እንደ ደከመበት በመጽሐፉ ፍጻሜ ስሙን አኑሯል፤ እርሱም የአክሱም ንቡረ እድ እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ የዚያ ዘመን ንቡረ እድ ግብር ሰብሳቢ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እናውቃለን፤ ስለ ጽዮን ክብር በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የተነበበው መጽሐፍ ከእጁ ወጥቷል።

ከይስሐቅ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አክሱምን ጽፎልናል። በጽዮን ቤተ ክርስቲያን 150 ካህናትና ይህንኑ ያህል መነኮሳት እንደሚያገለግሉ፥ በላያቸውም ሁለት አለቆች እንዳሉ፥ አንደኛው የካህናቱ ሁለተኛው የመነኮሳቱ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሁለቱንም በንቡረ እድ ስም ይጠራቸዋል። ይህ ከተጻፈ ጥቂት ዘመን በኋላ በግራኝ ጦርነት ቤተ ክርስቲያኒቱ ተቃጠለች፤ በኋላም ዐፄ ፋሲል እንደ ገና አሠሯት።

ንቡረ እዱ የአክሱም ከተማ ገዥም ዳኛም ነበረ። ለጽዮን በየዘመኑ የተሰጠው ጉልት በመጽሐፈ አክሱም ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ይህንንም መጽሐፍ ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሳትሞታል። የሚያነበው ሰው የነገሥታቱን ስም፥ የመንደሮቹን ስም፥ ስጦታውን የሚያፈርስ ሰው የሚደርስበትን ውግዘት ያገኛል። በጉልቱ ላይ የሚኖረው ገበሬ ግብሩን ለጽዮን ያገባል፤ ካህኑ፥ ዲያቆኑና ደብተራው ደግሞ በያዙት መሬት ልክ ቅዳሴውን፥ ማኅሌቱንና ሰዓታቱን ያገለግላሉ። እንግዲህ አለቃውን ከማለዳ እስከ ማታ የሚያደክመው ጸሎቱ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያደክመው ክርክሩ ነው። ይህኛው ተራውን አጓድሏል፥ ያኛው የሟች አባቱን መሬት ይዞ አገልግሎቱን ትቷል፥ ሌላው ድንበር ገፍቷል እየተባለ በፊቱ ይቆማል። ድጓን በቃሉ የሚያውቅ መሪጌታ በአንድ ጥማድ መሬት ምክንያት ሲጮህ መስማት ለአለቃ የተለመደ ነው። ጉዳዩን ባይፈርድ መሬቱ ያለ አገልጋይ ይቀራል፤ አድልቶ ቢፈርድ ማኅሌቱ ይከፈላል።

ከበታቹም ቄሰ ገበዙ ነበረ፤ ንዋየ ቅድሳቱንና የመቅደሱን ቍልፍ የሚጠብቅ እርሱ ነው። መጋቢው እህሉንና ገንዘቡን ያያል፤ መሪጌታው ዜማውን ይመራል። ደግሞም አክሱም የመማፀኛ ከተማ ነበረች። ደም ያለበት፥ ዕዳ የያዘው፥ ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ ሰው በጽዮን ደወል ውስጥ ከገባ ሊነካ አይገባውም ነበር፤ ይህን ሥርዓት በጦር አለቆች ፊት ማስከበርም የንቡረ እዱ ዕዳ ነበረ። ሠራዊት ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

የሹመቱ ክብር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በንግሥ ቀን ነበረ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን፥ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ሥርዓተ ንግሥ ፈጽመዋል። በጥንቱ ሥርዓት ንጉሡ ወደ ጽዮን ሲመጣ ደናግል ገመድ ዘርግተው መንገዱን ይዘጉበታል፤ ማንነቱንም ይጠይቁታል። ሁለት ጊዜ ቢመልስ አይቀበሉትም፤ በሦስተኛው የጽዮን ንጉሥ መሆኑን ሲናገር በሰይፉ ገመዱን ቈርጦ ያልፋል። በእግዚአብሔር ቤት ደጅ ንጉሥ ስሙን ተጠይቆ የሚገባ መሆኑ ለእኔ ከዘውዱ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ዳሩ ግን ይህን ሁሉ ሥልጣን የያዘው ንቡረ እድ ወደ ጽላቱ አይገባም። ታቦተ ጽዮንን የሚጠብቅ አንድ ድንግል መነኩሴ አለ፤ ከተመረጠ በኋላ እስኪሞት ድረስ ከቅጽሩ አይወጣም፤ ከእርሱ በቀር ንጉሥም ጳጳስም አያየውም ይባላል። ይህ መነኩሴ መሬት አያካፍልም፥ ዳኝነት አይቀመጥም፥ ሹመት አይሰጥም። እንግዲህ በአክሱም የሚያዘው ሰው አይቀርብም፤ የሚቀርበው ሰው አያዝም። መልሷ ይህ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ እንዳይመስለን፥ ሃይማኖቱ ከእኛ እጅግ ወደሚርቀው ወደ ሕንድ አገር ጥቂት እንሻገር። በሰሜን ሕንድ በሂማላያ ተራራ ውስጥ ባድሪናት የሚባል የቪሽኑ ቤተ ጣዖት አለ። አለቃው ራዋል ይባላል፤ የሚመረጠውም ከዚያ አገር ሰዎች አይደለም፤ ከደቡብ ጫፍ፥ ከኬራላ፥ ናምቡዲሪ ከሚባሉት የብራህማን ወገን ነው። ምክንያቱም ሥርዓቱን የሠራው ሻንካራ የሚባለው የኬራላ ሊቅ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ራዋሉ ሚስት አያገባም፤ ቢያገባ ሹመቱን ይለቃል። ምስሉን በእጁ የሚነካ እርሱ ነው። ቤቱ በበልግ ተከፍቶ በኅዳር ገደማ ይዘጋል፤ በረዶው ስድስት ወር ያህል መንገዱን ይዘጋዋልና። በሚዘጋበት ቀን ማና የምትባለው መንደር ሴቶች የሠሩትን የሱፍ ልብስ በቅቤ ነክረው ምስሉን ያለብሱታል፤ መብራትም አብርተው ይወጣሉ፤ የክረምቱም አምልኮ በታችኛው አገር በጆሺማት ይፈጸማል።

የዚህ ነገር አንዱ ወገን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም ጳጳሳችንን ከሩቅ አገር፥ ከእስክንድርያ፥ 1600 ዓመት ያህል ስናስመጣ ኖረናል፤ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ፓትርያርክ የሆኑትም በ1951 ዓ.ም. ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው በአገሩ ዘመድና ወገን የለውም፤ ይህ ይጠቅማል። ነገር ግን ቋንቋውንና ርስቱን አያውቅም። ስለዚህ ክህነቱን ግብጻዊው ጳጳስ ሲሰጥ፥ የመነኮሳቱን ነገርና የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳደር የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ይይዝ ነበር፤ ከዚያም በፊት የሐይቅ እስጢፋኖሱ ዐቃቤ ሰዓት በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥፍራ ነበረው። በባድሪናት ግን ራዋሉ ምስሉንም ገቢውንም አብሮ ይዞ ብዙ ዘመን ኖረ። ሁለቱ በአንድ እጅ መሆናቸው ክርክር ስላበዛ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 በወጣው ሕግ ገንዘቡ ለአንድ ጉባኤ ተሰጠ፤ ራዋሉ በአምልኮው ላይ ብቻ ቀረ። አክሱም በልማድ የለየችውን እነርሱ በሕግ ለዩት ማለት ነው።

በእኛም አገር በኋላ ዘመን ሕጉ መጣ። በ1935 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የካህናት ዳኝነት በመንፈሳዊ ነገር ብቻ ተወሰነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ደግሞ የጽዮን ጉልት ሁሉ ቀረ። በመጽሐፈ አክሱም የተጻፉት መንደሮች በስማቸው አሉ፤ ግብራቸው ግን የለም። ሹመቱ አልቀረም፤ ንቡረ እዱ ዛሬም በአክሱም ይሾማል፤ ዐፄ ምኒልክ በአክሱም ጽዮን አምሳል ባሠሯት በአዲስ ዓለም ማርያምም አለቃው በዚሁ ስም ይጠራል። በመሬት ላይ ቆሞ የነበረው ደብር ሁሉ ከዚያ ወዲህ በምእመናን አሥራትና ምጽዋት ቆመ፤ ይህም ብዙ ሊቃውንትን ለጊዜው አስርቧል፤ አንዳንድ የድጓና የቅኔ ጉባኤም ተበትኗል።

ይህ ሳይመጣ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ወጥቶ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያንን ያቆማት ይህ ደንብ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዛሬ በጎፋም ሆነ በላፍቶ ያለ ምእመን ወደ ደብሩ ቢሄድ የሚያገኘው ሥርዓት ይኸው ነው፤ አለቃው የጉባኤው ሰብሳቢ ነው፤ ከካህናት፥ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተመረጡ ሰዎች አብረውት ይቀመጣሉ፤ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ ግን ሌሎች ናቸው።