የሸዋው ጳጳስ

አስቡት እስቲ፣ ለአገር ሁሉ አንድ ጳጳስ! ከአባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ የነበራት ይኸው ነው፤ እሱም ከግብፅ የሚላክ። በኒቅያ ጉባኤ ስም የሚጠቀስ አንድ ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንታቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክል ነበር። ጉባኤው እንዲህ ያለ ነገር አልወሰነም፤ ግን ማን ይጠይቅ?

ነገሩ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቄስና ዲያቆን የሚሾመው፣ ታቦት የሚባረከው በጳጳስ እጅ ነው። ጳጳሱ ከሞተ አዲስ ካህን የለም። ንጉሥም ቢሆን የሚቀባው አይኖርም።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህ ችግር ደርሶባቸዋል። እሳቸውን የቀቡት አቡነ አትናቴዎስ ያረፉት ከግብፅ ጋር በጉንደትና በጉራ ጦርነት በተደረገበት ዘመን ነው። ጳጳስ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ከተዋጓት አገር ነበር። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1881 ከፓትርያርክ ቄርሎስ 5ኛ ዘንድ አንድ ሳይሆን አራት ጳጳሳት መጡ፦ ጴጥሮስ፣ ማቴዎስ፣ ሉቃስና ማርቆስ።

አቡነ ጴጥሮስ በበላይነት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቀሩ። ማቴዎስ ወደ ሸዋ፣ ሉቃስ ወደ ጎጃም ሄዱ። ማርቆስ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኔን የሚይዘኝ። ሸዋ የንጉሥ ምኒልክ፣ ጎጃም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ሀገረ ስብከቱ የተሰመረው በነገሥታቱ ድንበር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ለምእመናኑ በረከት ነበር፤ ካህን ለመሾም የሚኬደው መንገድ አጠረ። ግን በእኔ ግምት አፄ ዮሐንስ ሳያስቡት ለተፎካካሪያቸው አንድ ትልቅ ነገር ሰጡ፦ በደጁ የተቀመጠ ቀቢ።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ የቀቧቸው የሸዋው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። የበላይነቱም ከጴጥሮስ ወደ ማቴዎስ ዞረ። የአንድ ክፍለ አገር ጳጳስ የአገሩ ሁሉ ጳጳስ ሆነ፤ ንጉሡ ስላሸነፈ!

ማቴዎስም ዝም ብለው የተቀመጡ ሰው አይደሉም። ወደ ዓድዋ ዘምተዋል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈትተዋል፤ ዘውዲቱንም ቀብተዋል። በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ ከመጡ 45 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው "ለምን ከእኛው ሰው አይሾምም?" የሚለው ጥያቄ የበረታው። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ሌላኛው አቡነ ጴጥሮስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣልያን ጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ለጣልያን አደሩ። ጳጳሱ የአገር ልጅ መሆኑ ብቻውን ዋስትና እንዳልነበረ እዚህ ላይ ይታያል። የራስ ፓትርያርክ የተገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1951 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ስለ ሀገረ ስብከትና ስለ ሹመት ክርክር ስሰማ አዲስ ነገር አይመስለኝም፤ "ማን ሾመው፣ ለማንስ ያድራል?" የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበር።