ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ ክትትል

ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለማከም በስፋት የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ የሚያስወግድ ነው። ታካሚው ከዚያ በኋላ ጥቂት ተመግቦ ይጠግባል፤ ሰውነቱ የሚሻው ፕሮቲን፣ ብረትና ቫይታሚን ግን አይቀንስም። በመሆኑም የታዘዙለትን ቫይታሚኖችና ማዕድናት ዕድሜ ልኩን መውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው መመርመር ይኖርበታል። ክብደት ስለቀነሰ ብቻ ክትትልን ማቋረጥ አደገኛ ነው።

በጾም ወቅት ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ቢሰጡም ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ12 አይተኩም፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ደም ማነስንና የነርቭ ጉዳትን ያስከትላል። ስለዚህ ጿሚዎች ጾሙ ከመግባቱ አስቀድመው ሐኪማቸውን ሊያማክሩ ይገባል።

ተደጋጋሚ ትውከት ያጋጠመው ታካሚ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ በዚሁ ሳቢያ የሚከሰት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት በሳምንታት ውስጥ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወራት እርግዝናን እንዲያዘገዩ ይመከራል።