የናፍጣ ፖምፓ እንዴት ይሠራል? ለጉዳት የሚዳርገውስ ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ሸጎሌ ከሚገኘው የአውቶቡስ ዴፖ ማለዳ የሚወጣ የናፍጣ አውቶቡስም ሆነ በገጠር ማሳ የሚያርስ ትራክተር ኃይሉን የሚያገኘው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሁለቱም ነዳጅን በከፍተኛ ግፊት የሚገፋ ፓምፕ አላቸው፤ መካኒኮች በተለምዶ «ፖምፓ» ይሉታል።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ሲያምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት እንደ ጉም ደቅቆ የተረጨ ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ነዳጁ የታመቀውን አየር ሰንጥቆ ለመግባት ብርቱ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚሰጠው ፓምፑ ነው።

ናፍጣው ከታንኩ በአነስተኛ ፓምፕ ተስቦ በፊልትሮ ከተጣራ በኋላ ወደ ዋናው ፓምፕ ይገባል። በዚያም ሞተሩ የሚያዞረው ዘንግ «ፕለንጀር» የተባሉትን ገፊዎች ያንቀሳቅሳል። ገፊው ወደ ኋላ ሲመለስ ነዳጅ ይገባል፤ ወደ ፊት ሲሄድ መግቢያው ይዘጋና ነዳጁ ታምቆ በብረት ቧንቧ ወደ ኖዝሉ ይወነጨፋል።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ለውጤት ባበቃው ሞተር ነዳጁ የሚረጨው በታመቀ አየር ነበር። የሮበርት ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍጣ ፓምፕ በብዛት ማምረት ሲጀምር ሞተሩ ቀለል ብሎ ለጭነት መኪና ተስማሚ ሆነ። በዘመናዊ መኪኖች ፓምፑ ነዳጁን በአንድ የጋራ ቧንቧ ያጠራቅማል፤ የሚረጭበትን ጊዜና መጠን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ግፊቱ ከ2000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የአንድ አውቶሞቢል ጎማ የሚይዘው ከ2 እስከ 3 ባር ገደማ ብቻ ነው።

በገፊውና በማቀፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ የሚያለሰልሰውም ራሱ ናፍጣው ነው። ስለዚህ ውኃ፣ አቧራ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፓምፑን ፈጥኖ ይበላዋል። ጉዳቱም በጥቁር ጭስ፣ በጉልበት ማነስ ወይም በጠዋት አልነሣ በማለት ሊገለጥ ይችላል።

ለጥንቃቄም ናፍጣን በንጹሕና ክዳን ባለው በርሜል ማስቀመጥ፣ ከመቅዳት በፊት እንዲጠልል መተው፣ በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስና ፊልትሮውን በወቅቱ መለወጥ ይገባል። ታንኩ ጨርሶ እስኪደርቅ መንዳትም አይመከርም፤ በመስመሩ አየር ገብቶ ሞተሩን ያቆመዋል። በስሕተት ቤንዚን ከተቀዳ ደግሞ ሞተሩን ሳያስነሡ ታንኩን ማራገፍ ይበጃል።

ከሁሉ በላይ፣ ሞተሩ እየሠራ የሚያፈስ ቧንቧን በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። በዓይን የማይታይ የናፍጣ ፍንጣቂ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም እጅን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ተጎጂው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የሚያፈሰውን ስፍራ መፈለግ የሚቻለው በካርቶን ቁራጭ ነው፤ ቧንቧውም የሚፈታው ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው።