በትሩ የማን ነው?

አንድ ትልቅ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲጫወት ያየ ሰው፣ በአካልም ይሁን በፊልም፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ፣ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ፣ በቀጭን በትር አየሩን ይቀዝፋል። ከፊቱ ሰማንያ፣ መቶ የሚሆን ሰው ጥቁር ለብሶ ተደርድሯል። በትሩ ሲነሳ ይነሳሉ፤ ሲወርድ ይወርዳሉ። ሙዚቃው ሲያበቃ ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጅ የሚነሳው እሱ ነው፤ አበባውን የሚቀበለው እሱ ነው፤ በሸክላው ልባስ ላይ ፎቶግራፉ የሚወጣውም እሱ ነው። የሚገርመው ታዲያ፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዲት ድምፅ እንኳ ያላወጣው እሱ ብቻ መሆኑ ነው!

እኛም ለረጅም ጊዜ የኦርኬስትራ ታሪክ ማለት የባለ በትሮቹ ታሪክ ብቻ ይመስለን ነበር። ጓዳውን ገባ ብለን ስናየው ግን ሌላ ታሪክ አገኘን። ይሄኛው ታሪክ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ባቡር ማዕረግ፣ ስለ ምትክ ሠራተኛ፣ ስለ ድምፅ አሰጣጥና ስለ መግቢያ ፈተና ነው። ባጭሩ የሥራና የሠራተኛ ታሪክ ነው። ለጓደኞቻችን ልናካፍለው የፈለግነው ሙዚቃ ለማስተማር አይደለም፤ እሱን ለሚችሉት ትተናል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መቶ ሰው ተሰባስቦ አንድ ነገር ሲሠራ የሚወስነው ማን ነው? ደግሞስ «እኛ እንወስናለን» ሲባል፣ «እኛ» የተባለው ማን ማን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከበርሊን እንጀምር። ከ1867 ጀምሮ ቤንያሚን ቢልዘ የሚባል ሰው በዚያች ከተማ የራሱ የሙዚቃ ጓድ ነበረው። ጓዱ የቢልዘ፣ ገንዘቡ የቢልዘ፣ ውሳኔውም የቢልዘ ነበር። ሕዝቡ ጠረጴዛ ከብቦ እየጠጣ ያዳምጣል፤ ተጫዋቹ በአነስተኛ ደመወዝ ይጫወታል። በ1882 ጓዱ ወደ ዋርሶ እንዲጓዝ ታቀደና ቢልዘ ሰዎቹን በአራተኛ ማዕረግ ባቡር ሊያሳፍራቸው አሰበ። አራተኛ ማዕረግ ማለት የድሃ ድሃ የሚሳፈርበት ፉርጎ ነው። ነገሩ ቀድሞም የመረረ ነበርና በዚህ ፈነዳ፤ 54 ተጫዋቾች አንድ ላይ ጥለውት ወጡ።

እነዚህ ሰዎች አዲስ ጌታ ፍለጋ አልሄዱም። ራሳቸው ባለ አክሲዮን ሆኑ፤ አስተዳዳሪዎቻቸውን ከመካከላቸው መረጡ። አዳራሽ ስላልነበራቸው ቀድሞ የሮለር ስኬት መጫወቻ በነበረ ቤት ውስጥ መጫወት ጀመሩ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ እንዲህ ሆኖ ተወለደ። አንዲት ነገር ግን ልብ እንበል፤ መጀመሪያ ለራሳቸው የሰጡት ስም «የቀድሞው የቢልዘ ጓድ» የሚል ነበር። ጌታን ጥሎ መውጣት ይቻላል፤ የጌታን ስም ከበር ላይ ማውረድ ግን ጊዜ ይወስዳል! ገንዘቡም አልበቃቸውም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ሄርማን ቮልፍ የተባለ የኮንሰርት አዘጋጅ ነጋዴ መጥቶ ደገፋቸው፤ ሃንስ ፎን ቢሎ የተባለውን ዝነኛ መሪም አመጣላቸው። ከቢልዘ እጅ ወጡ፤ ከገበያው እጅ ግን አልወጡም።

ሁለተኛው ታሪክ የለንደን ነው። በኩዊንስ ሆል ይጫወት በነበረው ኦርኬስትራ መሪው ሄንሪ ዉድ፣ ሥራ አስኪያጁ ሮበርት ኒውማን ነበሩ። በዚያን ጊዜ የለንደን ተጫዋች በቋሚ ደመወዝ የሚኖር ሰው አልነበረም፤ በሠራበት ቀን የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ እንጂ። ስለዚህ ምትክ የመላክ ልማድ ነበረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ «ሀ» ለኮንሰርቱ ይዋዋላል፤ የተሻለ የሚከፍል ሲያገኝ ለልምምዱ «ለ»ን ይልካል፤ «ለ» በበኩሉ ለሁለተኛው ልምምድ «ሐ»ን ይልካል፤ በኮንሰርቱ ማታ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚገኘው ኖታውን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው «መ» ይሆናል። መሪው እንዴት አይናደድ? ተጫዋቹስ ልጆቹን ምን ያብላ? ሁለቱም እውነት አላቸው።

በ1904 ኒውማን ከእንግዲህ ምትክ የሚባል ነገር የለም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። አርባ ያህል ተጫዋቾች ተነሥተው ወጡና የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን አቋቋሙ። የመጀመሪያውን ኮንሰርት ሰኔ 9 ቀን 1904 በሃንስ ሪክተር መሪነት አሳዩ። ኦርኬስትራው የራሳቸው ነው፤ ትርፉን ይካፈላሉ፤ መሪውን የሚጋብዙት እነሱ ናቸው። መሪው እንግዳ ሆነ፤ ተጫዋቹ ባለቤት ሆነ። ይሁንና ምትክ የመላኩ ልማድ አብሯቸው ተሰደደ። ከሃያ ዓመት በላይ እነሱም በምትክ ጣጣ ሲታመሱ ኖሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤትነቱ ተለወጠ እንጂ ተጫዋቹ እንጀራውን በየቀኑ ከየቦታው የሚለቅም መሆኑ አልተለወጠም።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም ደፋር ነው። በርሊንና ለንደን መሪውን ቀጣሪ ከመሆን አወረዱት፤ ሞስኮ ግን ከነጭራሹ አስወገደችው! ሌቭ ጼይትሊን የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች በ1922 መሪ የሌለው የሲምፎኒ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ስሙ ባጭሩ ፔርሲምፋንስ ሲሆን፣ ሲተረጎም «የመጀመሪያው መሪ አልባ የሲምፎኒ ስብስብ» እንደ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እንዲተያዩ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱ ጀርባውን ለተመልካች ይሰጣል። ድሮ የመሪው ብቻ የነበረው ጀርባ የመስጠት መብት ለተራው ሰው ደረሰ ማለት ነው።

ከመድረኩ በስተኋላ ያለው ሥራ ግን ቀልድ አልነበረም። በመደበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ አንድ ተጫዋች የሚያየው የራሱን ኖታ ብቻ ነው፤ ሙሉው ኖታ ያለው በመሪው እጅ ነው። መሪ ከሌለ ግን ሁሉም ሙሉውን ማወቅ አለበት፤ ሆርን ነፊው ቼሎው ምን እንደሚል፣ ቼሎው ከበሮው የት እንደሚገባ። ከተጫዋቾቹ የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ አስቀድሞ ሥራውን ያጠናል፤ ፍጥነቱንና አነሳስ አጣሉን ይመክርበታል፤ ከዚያ ወደ ጠቅላላው ልምምድ ይቀርባል። ልምምዱ ብዙ ነው፤ ክርክሩም እንደዚያው። ብዙዎቹ በቦልሾይ ቲያትር ሠራተኞች ስለነበሩ ይህንን የሚሠሩት በትርፍ ጊዜያቸው ነበር። ከአዳራሽ ወጥተውም በፋብሪካና በሠራተኞች ክበብ ተጫውተዋል።

አቀናባሪው ሰርጌይ ፕሮኮፊየፍ በ1927 ከእነሱ ጋር ፒያኖ ተጫውቶ ነበር። የታዘበውንም በማስታወሻው ጽፎታል። የፍጥነት ለውጥ ሲመጣ ሁሉም እኩል ለመዞር ይቸገራሉ፤ ለጣት አስቸጋሪ የሆነው ክፍል ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ብቻውን እንደሚጫወት ሰው ተጠንቅቆ አሳምሮ ይወጣዋል። እኛ ይህንን ትዝብት ከሙዚቃ ውጭም የሚሠራ ሆኖ አግኝተነዋል። ብዙ ሰው በጋራ ሲመራ መታጠፊያው ላይ ይዘገያል፤ ሥራው ላይ ግን ማንም አይተኛም። ፔርሲምፋንስ አሥር ዓመት ያህል ኖሮ በ1932 ተበተነ። በዚያች አገር የአንድ ሰው በትር በሁሉም ነገር ላይ የሚነሳበት ዘመን ገብቶ ነበር። በ2008 ወጣት ሙዚቀኞች እዚያው ሞስኮ ስሙን እንደገና አንስተውታል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን ብንዘጋው ለጆሮም ይጥም ነበር። ግን እውነቱ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ጽሑፉን እንድናዘጋጅ የገፋፋንም ይሄ የቀረው ክፍል ነው።

ከራሱ ከሄንሪ ዉድ እንነሣ። የለንደኖቹ ጥለውት የወጡት መሪ በ1913 ስድስት ሴቶች ቀጥሮ በኦርኬስትራው ውስጥ አስቀመጠ። ራሱን በራሱ የሚያስተዳድረው የቪየና ፊልሃርሞኒክስ? ከ1842 ጀምሮ አለ፤ ሁሉንም ነገር በአባላቱ ድምፅ ይወስናል፤ ከ1933 ጀምሮ ቋሚ መሪ እንኳ የለውም። ከዚህ የበለጠ ዴሞክራሲ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ይኸው ኦርኬስትራ ሴትን በአባልነት የተቀበለው በ1997 ነው! አና ሌልከሽ የተባለችው የሃርፕ ተጫዋች ከሃያ ዓመት በላይ አብራቸው ስትጫወት ኖራ፣ ድምፅዋ በአዳራሹ እየተሰማ፣ በስብሰባው ግን ድምፅ አልነበራትም።

ከዚያም የከፋ አለ። አርኖልድ ሮዜ ከ1881 ጀምሮ የቪየና ቫዮሊኖች መሪ ነበር። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከተቀመጠበት ወንበር አይሁዳዊ ነህ ተብሎ ተነሣ። ወደ ለንደን ተሰዶ በ1946 እዚያው ሞተ። በጦርነቱ ዘመን ከኦርኬስትራው አባላት ግማሽ ያህሉ የናዚ ፓርቲ አባላት ነበሩ። እንግዲህ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ሲመክሩ የኖሩ ሰዎች፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ ወንበሩን አጥፈው ልምምዳቸውን ቀጠሉ።

በርሊንም ወደ ኋላ አልቀረም። እዚያ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ቫዮሊን ተጫዋቿ ማድለን ካሩዞ፣ የገባችው በ1982 ነው፤ ከአራተኛ ማዕረጉ አመፅ ልክ መቶ ዓመት በኋላ! በዚያው ሰሞን መሪው ካራያን ዛቢነ ማየር የተባለች ክላርኔት ተጫዋች እንድትቀጠር ፈለገ። ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጡ፤ 73 ለ4 አይሆንም አሉ። ምክንያታቸው የክላርኔቷ ድምፅ ከእኛ ጋር አይዋሐድም የሚል ነበር፤ ሌሎች ግን፣ ካራያን ጭምር፣ እውነተኛው ምክንያት ሴትነቷ ነው አሉ። እሷም ጥላ ሄደች። እዚህ ላይ እኛ ተቸገርን። አንድ አምባገነን የሚባል መሪ ሴቲቱን ይግባ ሲላት፣ ሰባ ሦስት ነጻ ሰዎች በሩን ዘጉባት። ከማን ጋር እንቁም?

ኒው ዮርክ ደግሞ የለንደኑን የምትክ ነገር በሌላ መልኩ አሳየችን። በ1969 ሁለት ጥቁር ሙዚቀኞች፣ ቼሎ ተጫዋቹ ኧርል ማዲሰንና ባስ ተጫዋቹ አርት ዴቪስ፣ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ አድልዎ ፈጽሞብናል ብለው ለከተማው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ከሰሱ። ኮሚሽኑ በ1970 በሰጠው ውሳኔ በቋሚ ቅጥሩ ላይ ክሱ አልተረጋገጠም አለ፤ በምትክ ተጫዋቾች አቀጣጠር ግን አድልዎ አገኘ። ለምን ቢባል፣ ምትክ የሚጠራው በትውውቅ ነዋ! ቋሚው ወዳጁን ይጠራል፤ ወዳጁም ወዳጁን። ፈተና የለ፣ ማስታወቂያ የለ። የለንደኑ ሠራተኛ እንጀራው እንዳይቀርበት የተጠጋባት ያቺ ትንሽ በር፣ ኒው ዮርክ ላይ ለማይተዋወቁት የተዘጋች በር ሆና ተገኘች።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው መጋረጃ ነው። የቦስተን ሲምፎኒ በ1952 ተፈታኙን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጦ መፈተን ጀመረ፤ ሌሎቹ በኋላ ተከተሉ። ዳኛው የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። የጫማ ተረከዝ ወንድ ሴቱን ያሳብቃል ተብሎ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ጫማ ማስወለቅም ተጀመረ። በአሜሪካ አምስቱ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ሴቶች በ1970 በጣም ጥቂት ነበሩ፤ በ1990ዎቹ ሩብ ያህል ደረሱ። ይህ ሁሉ የመጋረጃው ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ ዘመኑም ሴቶቹም ታግለዋል። መጋረጃውም ቢሆን የማይሸፍነው ነገር አለ። ጥቁር ተጫዋቾች በእነዚያ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ዛሬም በጣም ጥቂት ናቸው። በልጅነቱ አስተማሪና መሣሪያ የሚገዛለት አጥቶ እስከ ፈተናው አዳራሽ ያልደረሰውን ልጅ የትኛው መጋረጃ ፍትሕ ይሰጠዋል?

ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው? በትሩን ለአንድ ሰው መልሰን እንስጥ? እኛ አይመስለንም። ግንቦት 2015 የበርሊን ተጫዋቾች አዲስ መሪ ለመምረጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ተከራክረው ሳይስማሙ ተበተኑ። በሰኔ እንደገና ተሰብስበው ኪሪል ፔትሬንኮን መረጡ። በግንቦቱ የሳቀ ብዙ ነበር። እኛ ግን ያ የአሥራ አንድ ሰዓት ክርክር ከብዙ ጭብጨባ ይበልጥብናል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢልዘ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰው ነበርና! ደግሞም በዚያን ቀን ከሚመርጡት መካከል ሴቶች ነበሩ። ይህንን ያመጣው በሩን ሲያንኳኩ የኖሩት ናቸው እንጂ የድምፅ መስጫው ሣጥን ብቻውን አይደለም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እውነት ነው፤ የኦርኬስትራውም ምስጢር ይኸው ነው። እኛ የምንጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሃምሳ አንደኛው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ምን እንለዋለን? እኛም በየክበባችንና በየማኅበራችን እጅ አውጥተን ስንወስን፣ ከመቁጠራችን በፊት ማን እንዳልተጠራ ዞር ብለን እንይ።